የጣና ነጭ ዓሣ ስንት ነው?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፤ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ጥናቶቹ የታተሙባቸው ስለሆኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባሕር ዳር ላይ ዓሣ የሚበላ ሰው ሦስት ስም ይበቃዋል፦ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ቀረሶ አዲስ አበባ ላይ ቆሮሶ የሚሉት ነው። አምባዛ ያ ጢማሙ፣ ቅርፊት የሌለው ነው። የቀረው ትልቅ ዓሣ፣ ቅርፊቱ የሚያብለጨልጨው ሁሉ፣ በጅምላ ነጭ ዓሣ ይባላል። ለገበያና ለድስት ይህ በቂ ነው። ጥብስ ላዘዘ ሰው ከዚያ በላይ መጠየቅ ነገር ማብዛት ነው።

ግን እስቲ እናብዛው። ቀረሶ በሳይንሱም አንድ ዝርያ ነው። አምባዛም አንድ ነው። ነጭ ዓሣ የምንለው ግን ከአንዱ የተለመደ ዝርያ ሌላ 15 የሚሆኑ፣ ከጣና ውጭ በዓለም ላይ የትም የማይገኙ ዝርያዎችን በአንድ ከረጢት የከተተ ስም ነው። ከነዚህ ውስጥ ሣርና ነፍሳት የሚለቅም አለ፣ ቀንድ አውጣ የሚሰብር አለ፣ ሌላ ዓሣ እያሳደደ የሚውጥ አለ። ይህን ለማወቅ 160 ዓመት ያህል ፈጀ። በመሃሉም ሳይንስ ራሱ እንደ ገበያው "ሁሉም አንድ ነው" ብሎ መዝገቡን የዘጋበት ጊዜ ነበር። ታሪኩን የምነግራችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ዓሣዎቹን የለያያቸው ነገር ምን እንደሆነ ካላወቅን ምን ሲነካ እንደሚጠፉም አናውቅም።

አጥር የሌለበት ሐይቅ

ክፍል ውስጥ ስለ ዝርያ ስናወራ ዋልያን እጠቅስላችሁ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። ዋልያ ሰሜን ተራራ ላይ ቀረ፤ የቅርብ ዘመዱ ደግሞ በቀይ ባሕር አካባቢ ደረቅ ተራሮች ላይ ይኖራል። በመሃላቸው ቆላ አለ። መገናኘት ካልቻሉ አይዋለዱም፤ ካልተዋለዱ ዘረመል ከአንዱ ወደ ሌላው አይፈስም፤ ፍሰቱ ሲቆረጥ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ይሄዳል። መዋለዱ ከቀጠለ ግን ልዩነታቸው እንደ ስኳር በሻይ ውስጥ ይሟሟል። ነገሩ ይኸው ነው።

ወደ ጣና ስንመጣ ግን ይህ ምሳሌ ያስቸግራል። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር አይበልጥም። እንደ ትሪ የተዘረጋ ውሃ ነው። ከጎርጎራ ተነስቶ ባሕር ዳር ድረስ የሚዋኝ ዓሣ መንገዱን የሚዘጋበት ተራራ፣ ገደል፣ በረሃ የለም። ታዲያ እንዲህ ባለ ክፍት ሜዳ ውስጥ 15 ዝርያ እንዴት ሳይደባለቅ ኖረ?

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ሐይቁን ከውጭ የዘጋውን ትልቁን አጥር እንይ። ጣና የተፈጠረው እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ድንጋይ የዓባይን መውጫ ስለገደበው ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ጢስ ዓባይ አለ፤ ውሃው 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል። ለኛ ውበት ነው፤ ለዓሣ ግን ግድግዳ ነው። ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ አይወጣም። ለዚህ ነው በታችኛው ዓባይና በሱዳን ውሃ ውስጥ የሞላው ብዙ ዓይነት ዓሣ ጣና ላይ የማይታየው። ያ ትልቁ አዳኝ፣ የናይል ፐርች የሚባለው፣ ጣና ውስጥ የለም። አንዳንዶቻችሁ "ሕዳሴ ግድብ ሲሞላ አዲስ ዓሣ ወደ ጣና ይመጣል ወይ?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። በራሱ ዋኝቶ አይመጣም፤ ጢስ ዓባይን አያልፍም።

ግድግዳው ሁለት ነገር አደረገ። ከታች ያለው ዘር ወደ ላይ እንዳይፈስ ቆረጠ፤ ለላይኛው ዓሣ ደግሞ ባዶ ቤት ተወለት። አዳኝ የሌለበት ሐይቅ ማለት የአዳኝ ሥራ ክፍት የሆነበት ሐይቅ ማለት ነው።

ሐይቁ ደርቆ ነበር

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ጣና ሁሌ አልነበረም። ሄንሪ ላምብና ባልደረቦቹ ከሐይቁ ወለል የተቆፈረ የደለል ናሙና መርምረው በ2007 ያሳተሙት ጥናት ሐይቁ ከ17 ሺህ ዓመት በፊት አካባቢ ደርቆ እንደነበር ያሳያል። ከሥር የወጣው የደረቀ መሬትና የረግረግ ምልክት ነው። ከዚያ ዝናቡ ተመለሰ፤ ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ትንሽ ቀረት ባለ ጊዜ ሐይቁ ሞልቶ እንደገና ወደ ዓባይ መፍሰስ ጀመረ።

ይህን ስታስቡ የዛሬው ነጭ ዓሣ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ሐይቁ ደርቆ ከነበረ መጠጊያ የሆኑት ገባር ወንዞቹ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሐይቁ ሲመለስ ዓሣው ከወንዝ ወደ ሐይቅ ወረደ ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። የጣና ነጭ ዓሣ ሐይቅ የለመደ የወንዝ ዓሣ ነው።

ከምፅዋ እስከ ጣና፦ የሩፔል ጉዞ

እነዚህን ዓሣዎች መጀመሪያ በመጽሐፍ የመዘገበው ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ነው። ከ1831 እስከ 1833 ከምፅዋ ተነስቶ በሰሜን ተራራ አድርጎ ጎንደር ገባ፤ ጣናንም አየ። የሰበሰበውን ወደ ፍራንክፈርት ሙዚየም ላከ። በ1835 አካባቢ ባሳተመው ሥራ ኔድጂያ፣ ጎርጓሪ፣ ሱርኪስ፣ ኢንተርሚዲየስ ብሎ የጣናን ዓሣዎች ሰየመ። ስሞቹን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፤ ጎርጓሪ የሚለው የዳርቻውን ሰው አፍ አይመስልም? ላቢዮባርበስ የሚለው የወገኑ ስምም የሱ ነው። ዛሬ በመላው አፍሪካ ወንዞች ያሉ ትልልቅ የዚህ ወገን ዓሣዎች የሚጠሩበት ስም መነሻው የጣና ዓሣ ነው።

ሩፔል ቀይ ባሕር ላይም ብዙ የኮራል አለት ዓሣ ሰብስቦ ሰይሟል። ሁለቱን ውሃ ጎን ለጎን ማየት ጥያቄያችንን ያጠራዋል። የኮራል አለት ዓሣ ካደገ በኋላ ሰፈሩን እምብዛም አይለቅም፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በአንድ አለት ዙሪያ ይጨርሳሉ። ዘራቸውን የሚያዘዋውረው እጩ ነው፤ ከእንቁላል የወጣው ጥቃቅን ፍጥረት በማዕበል ላይ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይንሳፈፋል፣ ከዚያ የደረሰበት አለት ላይ ያርፋል። ስለዚህ እዚያ አጥር የሚሆነው የማዕበሉ አቅጣጫ፣ የውሃው ጨውና ሙቀት፣ በአለትና በአለት መካከል ያለው ርቀት ነው። ባብ ኤል መንደብ ራሱ እንዲህ ያለ በር ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የዓለም ባሕር 120 ሜትር ያህል ሲወርድ በሩ ሊዘጋ ምንም አልቀረው፤ የቀይ ባሕር ውሃም ጨው ሆነ።

የጣናው የዚህ ግልባጭ ነው። ነጭ ዓሣ ካደገ በኋላ እንደልቡ ይዋኛል፤ እንቁላሉ ግን የትም አይሆንለትም። አጥሩ ያለው ዓሣው የሚኖርበት ቦታ ላይ ሳይሆን የሚወልድበት ቦታና ጊዜ ላይ ነው። ይህን ግን ሩፔል ሊያውቅ አይችልም ነበር። እሱ የያዘው የሞተ ዓሣ ነው።

አንድ ናቸው ያለው መዝገብ

ከሩፔል በኋላ ለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ተቀምጦ የነበረው ጆርጅ ቡሌንጀር ነገሩን ያዘው። ደገን የተባለ ሰብሳቢ በ1902 ከጣና ያመጣውን እያየ ተጨማሪ ስሞች አወጣ። ቀጥሎ የጣልያን ወረራ መጣ። በ1937 በጆቶ ዳይኔሊ የሚመራ የጥናት ቡድን ጣና ላይ ተሰማራ። የዓሣው ክፍል ለጆርጆ ቢኒ ተሰጠ፤ ሥራው በ1940 ታተመ። ቢኒ ዝርያና ንዑስ ዝርያ እያለ ብዙ ስም አወጣ። ከዛሬዎቹ ስሞች አንዱ ጎርጎሬንሲስ ነው፤ ከጎርጎራ የተወሰደ። ሌላው ዳይኔሊ ነው፤ የቡድኑ መሪ ስም ጣና ውስጥ እስከ ዛሬ ይዋኛል።

ስም ሲበዛ ጥርጣሬም ይበዛል። በ1973 ኪት ባኒስተር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን የዚህ ወገን ትልልቅ ዓሣዎች አንድ ላይ ገመገመ። ከንፈሩ ወፈረ፣ አፉ ሰፋ፣ ጀርባው ጎበጠ እየተባለ የተለየው ሁሉ እርስ በርሱ እየተቀጣጠለ የሚሄድ ልዩነት እንጂ ድንበር የለውም አለ። የጣናን ጠቅልሎ በአንድ ስም ኢንተርሚዲየስ ውስጥ አስገባው። ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ዓሣ ቀለሙ ይጠፋል፤ ከየት ጥልቀት እንደወጣ፣ ምን ሲበላ እንደነበር፣ በየትኛው ሳምንት እንቁላል እንደጣለ አይናገርም። በቅርጽ ብቻ ከሆነ የሱ ጥያቄ ተገቢ ነበር።

ውጤቱ ግን ለ20 ዓመት ያህል የጣና ነጭ ዓሣ በዓለም መዝገብ አንድ ዓሣ ሆኖ መቆየቱ ነው። በገበያ አንድ፣ በመዝገብም አንድ።

ዓሣውን በሕይወት ሲያዩት

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሊዮ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ከኔዘርላንድ ቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባሕር ዳር መጥተው ሥራ ጀመሩ። የእነሱ ብልጫ ጠርሙሱን ትተው ጀልባውን መያዛቸው ነው። ዓሣው ገና ከመረብ ሲወጣ ቀለሙን፣ የተያዘበትን ጥልቀት፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን፣ የአጥንቱን አሠራር መዘገቡ። በ1994 ያወጡት ጽሑፍ የጣና ዓሣዎች የተረሱ የዝርያ መንጋ አይደሉም ወይ ብሎ ጠየቀ። የዝርያ መንጋ ማለት ከአንድ ዘር ወጥተው በአንድ ሐይቅ ውስጥ የተባዙ ዝርያዎች ማለት ነው። በ1997 እና በ2000 ባወጧቸው ሥራዎች የተረሱትን ስሞች መለሱ፣ አዳዲሶችንም ጨመሩ። ቁጥሩ 15 ደረሰ።

ከነዚህ 15ቱ ውስጥ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ይህ ለምን ያስገርማል? የዚህ ቤተሰብ ዓሣዎች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። በቂ የሆነ ጨጓራም የላቸውም። ዓሣ ለማደን የተሠሩ አይደሉም። ጣና ውስጥ ግን ጢስ ዓባይ ሌሎቹን አዳኞች ከውጭ ስላስቀረ የአዳኙን ቦታ እነሱ ያዙት። የሚያድኗቸውን ትናንሾቹን ዓሣዎች ያጠናው እሸቴ ደጀን ነው፤ እሱና ባልደረቦቹ ጣናፔላጊየስ የተባለውን ትንሽ ዓሣ በ2000 ለዓለም አስተዋወቁ። ስሙ የጣና የሜዳ ውሃ ዓሣ እንደማለት ነው።

ከዚያ የዘረመል ምርመራ መጣ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። በእናት በኩል ብቻ የሚወረሰውን የዘረመል ክፍል ሲመረምሩ በዝርያዎቹ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ዝርያ የሌላውን ይጋራል። "እንግዲህ ባኒስተር ልክ ነበራ!" ትሉ ይሆናል። ቆዩ። በሽታን ለመከላከል የሚሠሩትን ዘረመሎች የመረመሩ ጥናቶች ደግሞ በዝርያዎቹ መካከል ልዩነት አገኙ፤ ዝም ብሎ የሚደባለቅ አንድ ሕዝብ ቢሆን የማይጠበቅ ልዩነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነብ መልእክቱ ይህ ነው፦ መለያየቱ አለ፣ ግን ገና ትናንት ነው። ወንድማማቾች ጎጆ ወጥተዋል፤ የአባታቸው ቤት ዕቃ ግን ገና በሁሉም ጎጆ ውስጥ ይታያል። እንዲህ ያለ ለጋ መለያየት ደግሞ የሚቆመው የለያየው ነገር እስከቆመ ድረስ ብቻ ነው።

አጥሩ ወንዙ ላይ ነው

የለያየው ነገር ምንድን ነው? አመጋገብ አንዱ ነው። ሌላውና ወሳኙ የሚወልዱበት ቦታ ነው።

ክረምት ሲገባና ወንዞቹ ሲሞሉ ከ15ቱ ውስጥ 7 የሚሆኑት ወደ ወንዝ አፍ ይሰበሰባሉ። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ፣ ሌሎችም ትናንሾች አሉ። ከዚያ የቆላውን ጭቃማ ውሃ እያቋረጡ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ውሃው ጠራ ያለበት፣ ወለሉ ጠጠር የሆነበት ገባር ጅረት ድረስ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ይገባል፤ ንጹሕና የሚፈስ ውሃ ያስፈልገዋል። ጭቃ ከሸፈነው ታፍኖ ይሞታል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃል። የተቀሩት 8ቱ ወንዝ ላይ አይታዩም፤ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ወይም በዳርቻው እንደሚራቡ ይታሰባል።

እንግዲህ አንዱ ትልቅ አጥር ይኸው ነው፦ የወንዝ ወላጅና የሐይቅ ወላጅ። ግን ወንዝ የሚወጡት 7ቱስ እንዴት አይደባለቁም? ፓልስትራ፣ ደ ግራፍና ሲቢንግ ጉማራ ላይ ሠርተው በ2004 ያሳተሙት ጥናት ዝርያዎቹ የሚመጡበት ሳምንትና የሚመርጡት ጅረት እንደሚለያይ አሳየ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይደርሳል፤ አንዱ በዚህ ጅረት ሲገባ ሌላው በዚያኛው። አጥኚዎቹ ዓሣው የተወለደበትን ወንዝ አስታውሶ ይመለስ ይሆን ብለውም ጠይቀዋል። እንደዚያ ከሆነ በአንድ ዝርያ ውስጥም የጉማራው ወገንና የመገጩ ወገን ይለያያሉ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ አበበ ጌታሁን፣ እሸቴ ደጀን፣ ዋሴ አንተነህና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች መገጭን፣ ድርማን፣ ርብን፣ አርኖ ጋርኖን እየተከታተሉ ተመሳሳይ የወላጅ ጉዞ መዝግበዋል። የጉማራው ታሪክ የጉማራ ብቻ አለመሆኑ ታወቀ።

አሁን ልብ በሉልኝ ያልኳችሁን አንሱ። ሐይቁ ከሞላ 15 ሺህ ዓመት ሆነው፤ ዓሣው ግን ለመውለድ አሁንም ወደ ወንዙ ይመለሳል። ዘሩ ከዘሩ ሳይቀላቀል የሚቆየው ወርዱ ጥቂት እርምጃ በሆነ ጅረት ውስጥ፣ ጥቂት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው።

አንድ ስም ጉድለት ሲደብቅ

ለብዙ ዘመን ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምደው በዋናነት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ በደንገል ታንኳ ነበር። ታንኳ ከዳርቻው ብዙ አይርቅም፤ የሚይዘውም ዓሣ የቤትና የሰፈር ገበያ የሚሸፍን ነው። በ1986 የተጀመረው የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ አመጣ። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ፤ ይህን ማንም አይክድም። ችግሩ መረቡ የተዘረጋበት ቦታና ጊዜ ነው። ዓሣ በቀላሉ በብዛት የሚገኘው ለመውለድ ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰብ ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ይገባል፤ ዓሣ የጾም ነው የሚል ቤት ይፈልገዋል። ወንዙ ውስጥ ደግሞ ብርብራ ፈጭቶ ውሃ ላይ እየነሰነሰ ዓሣውን የሚያሰክር አለ፤ ትልቁን ከትንሹ አይለይም።

ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ከ1991 እስከ 1993 የተያዘውን መረጃ ከ1999 እስከ 2001 ካለው ጋር አወዳድረው በ2004 አሳተሙ። ወንዝ ወላጆቹ ዝርያዎች በ75 በመቶ ገደማ ቀንሰው ተገኙ። ጫጩቶቹ በ90 በመቶ ገደማ። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ማለት ነው። ሐይቁ ውስጥ የሚወልዱት እንደዚያ አልቀነሱም። እዩልኝ፤ ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው፣ ውሃው ያው ውሃ ነው። የተለያየው የሚወልዱበት ቦታ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ስም የሚጎዳው። ዓሣ ሲመዘን በሦስት ስም ነው የሚመዘገበው፦ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። 7ቱ ወንዝ ወላጆች ሲመናመኑ ሌሎቹ ቦታውን ከሸፈኑ ሚዛኑ ላይ "ነጭ ዓሣ" አለ። ኮንቴይነሩ ሙሉ ነው። ማንም አልደነገጠም። ዝርያ በጅምላ ስም ውስጥ ሲጠፋ ድምፅ የለውም።

መረቡ ብቻ አይደለም። ርብ ላይ ለመስኖ ግድብ ተሠርቷል፤ መገጭ ላይም ግድብ ተጀምሯል። ፎገራ ሩዝ ያበላናል፤ ሩዙ የተዘራበት መሬት ግን ከፊሉ የቀድሞ ረግረግ ነው። ከተራራው የሚታጠበው አፈር በየክረምቱ ጠጠሩን ይሸፍናል፤ ለግንባታ አሸዋና ጠጠር የምንዝቀውም ከእነዚሁ ወንዞች ነው። በ2011 የታወቀው እምቦጭ ደግሞ የበረታው ወንዞቹ በሚገቡበት በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ነው። ተመራማሪዎቹ በጽሑፎቻቸው ደጋግመው የሚያነሱት ስጋት ይኸው ነው፤ ዓሣው ወደ መውለጃው የሚሄድበት መንገድ እየተዘጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ ታች ያለው የተፈጥሮ ግድግዳ፣ ጢስ ዓባይ፣ እነዚህን ዓሣዎች ፈጠራቸው። ላይ የምንሠራው ግድግዳ ደግሞ ሊያጠፋቸው ይችላል። ሁለቱም ግድግዳ ናቸው፤ ልዩነቱ የት ቆሙ የሚለው ነው። በሐይቁና በታችኛው ዓባይ መካከል ሲቆም ይለያል፤ በሐይቁና በመውለጃው መካከል ሲቆም ይቆርጣል።

ሌላው ዓለም ምን ሆነ?

ይህ የፈጠራ ስጋት አይደለም። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናው የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና ሁሉ በዚህ ቤተሰብ ዓሣዎች የዝርያ መንጋ የታወቀ ነበር። ከውጭ የገባ አዳኝ ዓሣና ያለ ልክ ማጥመድ ተባበሩበት። በታኅሣሥ 2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከላናው ዓሣዎች 15ቱን ጠፍተዋል ብሎ መዘገበ። ቁጥሩ ራሱ አያስደነግጥም? የጣናዎቹም 15 ናቸው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ትልቅ የዚህ ቤተሰብ መንጋ በሕይወት ያለበት ሐይቅ ሲጠራ የሚጠራው ጣና ነው።

ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የሆነው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በ1997 ኦሌ ሲሀውዘንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ እዚያ ያሉት ዓሣዎች ሴቷ ወንዱን በቀለሙ ስለምትመርጥ ነበር ሳይደባለቁ የኖሩት። ውሃው ሲደፈርስ ቀለም አልታይ አለ። ምርጫው ሲጠፋ ዝርያዎቹ ተዋለዱ፣ ልዩነታቸውም ሟሟ። ዓሣ አልሞተም፤ ዝርያ ግን ጠፋ። የጣናውም አጥር የጅረትና የሳምንት ጉዳይ ስለሆነ አሥሩ ጅረት ሁለት ቢቀር በአሥሩ ተከፋፍለው ይወልዱ የነበሩት ሁሉ በሁለቱ ይጨናነቃሉ። ከዚያ ምን እንደሚከተል ቪክቶሪያ ነግሮናል።

እንግዲህ

ኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ካወጣች ቆይታለች፤ ቁጥሩ 315፣ ዓመቱ በኛ 1995 ነው። ጣናም በ2015 የዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኗል። ወረቀት አላነሰንም። የሚያስፈልገው ዝርዝሩ ብዙ አይደለም፦ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ወንዝ አፍ ላይ መረብ አለመዘርጋት፤ ለዚያ ጊዜ አጥማጁ የሚበላው ነገር እንዲያገኝ ማሰብ፤ ዓሣ ሲመዘን ወንዝ ወላጁን ከሐይቅ ወላጁ ለይቶ መመዝገብ፤ ግድብ ሲታቀድ ከመሐንዲሱ ጎን ዓሣ የሚያውቅ ሰው ማስቀመጥ፤ ጥቂት ጠጠራም ጅረቶችን ሳይነኩ መተው። አጥማጁን ጠላት አድርጎ የሚጀምር ጥበቃ ደግሞ አይሠራም። ወንዙ መቼ እንደሚሞላ፣ ዓሣው መቼ እንደሚሰበሰብ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ስለ ጣና ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ሐይቁ ነው፤ ስለ ውሃው መጠን፣ ስለ እምቦጩ፣ ስለ ደሴቶቹና ገዳማቱ። ልክ ነው። የዓሣዎቹ ታሪክ ግን የሚነግረን ጣና ከባሕር ዳር መናፈሻ ቁጭ ብለን የምናየው ውሃ ብቻ አለመሆኑን ነው። ጣና ወረታ መንገድ ላይ በመኪና የምናልፈው የጉማራ ድልድይ ሥር ያለው ጠጠርም ነው።

ወረታ፣ ሐሙሲት፣ ደልጊ፣ ጎርጎራ፣ ቁንዝላ ያላችሁ ልጆቼ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሰፈራችሁ ያሉ አዛውንት አጥማጆችን "ነጭ ዓሣ ስንት ዓይነት ነው?" ብላችሁ ጠይቁልኝ። ሰፊ አፍ ላለው፣ ከንፈሩ ለወፈረው፣ ዓይኑ ለጎላው የተለየ ስም ካላቸው እዚህ ሥር ጻፉልን፤ የየትኛው ወንዝ አፍ እንደሆነም ጨምሩ። ስም ያለው ነገር ሲጎድል ይታወቃል።